ለሚስትም ዋስ ይጠራላት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም፣ በየቡም፣ በሰርቦም ቢሆን፣ ሁለት ባላገሮች በቡና ማሳ ድንበር ሲጣሉ ሽማግሌዎች ነገሩን እንዴት አድርገው እንደሚጨርሱት የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አስቀድመው ከሳሹንና ተከሳሹን በየተራ ያደምጣሉ፤ ምስክር ይጠራሉ፤ ከቦታው ድረስ ወርደው ድንበሩን በዓይናቸው ያያሉ፤ ነገሩ የታወቀ እንደ ሆነም ገፍቶ የተገኘው ሰው ካሣውን እንዲከፍል፣ ወደ ፊትም እንዳይገፋ ዋስ እንዲጠራ ያደርጉታል። ዋስ ሆኖ የቆመውም ሰው ስሙንና ንብረቱን አስይዟልና ጐረቤቱ ዳግመኛ እንዳያጠፋ ዓይኑን ከእርሱ ላይ አያነሣም። ይህም ከአባቶቻችን የተረከብነው መልካም ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ያው ሰው በቤቱ ውስጥ ሚስቱን ደብድቦ ክንዷን የሰበራት እንደ ሆነ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ከዚያው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚያደርጉት ነገር ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። «ባልና ሚስት ናቸው፤ የቤት ገበና አደባባይ አይወጣም» ይባላል፤ ሴቲቱም «ለልጆችሽ ብለሽ ቻዪው» ትባላለች፤ ባልየው «ሰይጣን አሳሳተኝ» ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል፤ ይመረቃል፤ ጀምበርም ሳትጠልቅ ሴቲቱ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ምስክር አልተጠራም፤ ካሣ አልተቈረጠም፤ ዋስም አልቆመም። ሁሉም ሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል አንልም፤ ጥፋተኛውን ገሥጾ፣ ቤቱንም እየተመላለሰ የሚጐበኝ አስተዋይ ሰው በየቀበሌው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ስለ አንድ ክንድ መሬት የሚጠራው ዋስ ስለ አንዲት ሴት ክንድ የማይጠራበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሊገባን አልቻለም።

ይህ ነገር ጥቂት ቤቶችን ብቻ የሚነካ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ በጊልጌል ጊቤ ዙሪያ ካቋቋመው የመስክ ምርምር ማዕከል የወጣውን ጥናት ይመልከት። በ2001 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት ወራት ከ800 የሚበልጡ ትዳር የያዙ ወይም ይዘው የነበሩ ሴቶች ተጠይቀው፣ ከመቶው 65 ያህሉ በዕድሜያቸው ውስጥ በትዳር ጓደኛቸው እጅ ድብደባ ወይም በግድ የሆነ ግንኙነት ወይም ሁለቱም እንደ ደረሱባቸው ተናግረዋል። ከጊቤ ወንዝ ማዶ በቡታጅራ ወረዳ የዓለም ጤና ድርጅት ባስጠናው ጥናትም ቍጥሩ ከመቶ 71 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸው ጥናት በዚያን ጊዜ በ10 አገሮች ከተመረመሩት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው የእኛው ነበረ። በመላው አገር በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ የመንፈስንም ሥቃይ ጨምሮ ቍጥሩን ከመቶ 34 ያደርገዋል። አኃዙ ከቦታ ወደ ቦታ፣ ከአጠያየቅ ወደ አጠያየቅ መለያየቱ አይቀርም። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ ከሦስት ትዳር ያላቸው ሴቶች አንዲቱ ማለት ነውና፣ ይህን የሚያህል በሽታ በቡና ዛፍ ላይ ቢነሣ ኖሮ መንግሥትም ሕዝቡም በአንድ ቀን ተነሥቶ መድኃኒቱን በፈለገ ነበር።

ከዚሁ ከ2008ቱ ጥናት ሌላም የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። ሚስት ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትናገር ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም መኝታ ብትከለክል፣ ባል ሊመታት ይገባዋልን ተብለው ሲጠየቁ፣ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ይገባዋል ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ሲሆኑ፣ እንዲሁ ያሉት ወንዶች ግን ከመቶ 28 ብቻ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የሴቶቹ ቍጥር ከመቶ 85 ደርሶ ስለ ነበረ መሻሻሉ የሚካድ አይደለም። ይህን አንብቦ «እነሆ ሴቶቹ ራሳቸው ፈቅደውታል» ብሎ የሚፈርድ ሰው ግን ነገሩን አልመረመረውም። መውጫ በር የሌለው ሰው የታሰረበትን ቤት ተገቢ ቤት ነው እያለ ራሱን ያጽናናልና፤ በሩ የተከፈተለት ዕለት መልሱም ይለወጣል።

በሩስ የት ነው? ይኸው ጥናት እንደሚያስረዳው ከተደበደቡት ሴቶች መካከል ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ነገሩን ለማንም አልተናገሩም፤ ርዳታ የፈለጉት ሩብ አይሞሉም። እነዚያም ቢሆኑ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሐኪም የሄዱት እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጐረቤትና ወደ ወላጅ ቤት ነው። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። በሌሊት ልጇን አዝላ የወጣች ሴት የመጀመሪያ ፍርድ ቤቷ የጐረቤት ደጃፍ ነው፤ የመጀመሪያ ዳኛዋም ሽማግሌው ነው። ስለዚህ ጐረቤቱና ሽማግሌው ምን ያደርጋሉ የሚለው ጥያቄ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይቀድማል።

በሕግ በኩል ስናይ አገራችን ረጅም መንገድ መጥታለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ አድርጎ፣ ሚስትም በሕግ ያልተከለከለ ትእዛዙን ሁሉ እንድትፈጽም ያዝዝ ነበር፤ ባልም የሚስቱን አካሄድ የመቈጣጠር ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ልጃገረድን የጠለፈ ሰው በኋላ ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ግን በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው፤ ኦሮሚያም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደረገው ግፍ በሌላ ሰው ላይ እንደ ተደረገ ሁሉ የሚያስቀጣ መሆኑን በግልጽ ተናገረ፤ ጠላፊም ቢያገባ ከቅጣት እንዳይድን አደረገ።

ነገር ግን ሕጉ ከወረቀት ወደ መንደር ሲወርድ የሚሰናከልበት አንድ ድንጋይ አለ። ቀላል የተባለው የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው ተበዳዩ ክስ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ከሳሿ ሚስት ክሷን ያነሣች እንደ ሆነ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ የደረሰችው ሴት ቃሏን በሰጠች በማግሥቱ የባሏ ዘመዶች ይመጣሉ፤ የገዛ ወንድሟና እናቷም ጭምር ይመጣሉ፤ «አባወራሽን አሳስረሽ በማን ትኖሪያለሽ» ይሏታል። እርሷም እንግዲህ የት ልትሄድ? ያደረችው በጐረቤት ቤት፣ ጐረቤቱም ባሏን የሚፈራ ሰው ነው። ክሱን ታነሣለች። በመዝገቡም ላይ «ታርቀዋል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ እርቅ ነውን? እርቅ በሁለት ነፃ ሰዎች መካከል የሚደረግ ነገር ነው፤ ማደሪያ የሌላት ሴት የምትሰጠው ይቅርታ ግን ማደሪያ ለማግኘት የተከፈለ ኪራይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን የመሰለ ንግግር ሲሰሙ «የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ ባህላችንን ለማፍረስ የመጣ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ባህላችንን ጠንቅቆ ያልተማረው ይህን የሚለው ሰው ይመስለናል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ፣ ይልቁንም በአርሲ ታውቆ እስከ ዛሬ የኖረው የሲንቄ ሥርዓት ለዚህ ምስክር ነው። እናት ልጇን በምትድርበት ቀን ሲንቄ የሚባለውን ቀጭን በትር ትሰጣታለች፤ ይህም በትር ያገባች ሴት ክብር ምልክት ነው። ባሏ ግፍ የፈጸመባት፣ ይልቁንም በአራስነቷ ወራት የደበደባት እንደ ሆነ፣ ያቺ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰሙ የአካባቢው ሴቶችም ወጡን በእሳት ላይ፣ ልጁን በአባቱ እጅ ትተው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ወንዶቹ ሽማግሌ ልከው፣ ጥፋተኛው ጥፋቱን አምኖ፣ ካሣው ተቈርጦ ካልታረቁ በቀር ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በጊቤ ዙሪያ ግን፣ በሊሙ፣ በጅማ፣ በጎማ፣ በጉማና በጌራ መንግሥታት ተመሥርተው የገዳው ሥርዓት ኃይሉ በደከመ ጊዜ፣ እንዲህ ያሉት ልማዶችም እንደ ቀድሞው ሊጸኑ አልቻሉም። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የሴትን በደል በአደባባይ ማውጣት፣ ካሣ ማስከፈልና ጥፋተኛውን ማሳፈር የአባቶችና የእናቶች ሕግ እንደ ነበረ ነው። የደከመው ሥርዓቱ ነው፤ የቀረው ቡናውና ምርቃቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማደሪያው ነገር እንመለስ፤ የነገሩ ቍልፍ እርሱ ነውና። በአገራችን የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በ1995 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፣ ከቤታቸው ለተሰደዱ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ፣ ሕክምና፣ የሕግ ምክርና የእጅ ሙያ ሲሰጥ ኖሯል፤ በአዳማም ሌላ ቤት ከፍቷል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በጓደኞቻቸው ተጀምሮ ጠበቃ ለመግዛት አቅም ላጡት ብዙ ሴቶች ነፃ ጠበቃ ሆኖ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከመቶ ከ10 በላይ ከውጭ አገር እንዳይቀበል በከለከለ ጊዜ ግን ማኅበሩ ሠራተኞቹን እስከ መበተን ደርሶ ሥራው እጅግ ቀነሰ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ይህን የምናነሣው የትናንቱን ለመውቀስ ብለን አይደለም፤ ከሩቅ በሚመጣ ገንዘብ ብቻ የቆመ ቤት አንድ ቀን ሊዘጋ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

በጅማ ከተማ ትልቅ ሆስፒታል አለ፤ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤትም ለችግረኞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከአጋሮ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጌራ ወይም ከሊሙ ገጠር የምትነሣ ሴትማ አጋሮ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን በእግሯ ልትሄድ ትችላለች። ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ በዋና ከተማ ያለ መጠለያ ለእርሷ በወሬ የሚሰማ ነገር ነው። ስለዚህ በየወረዳው ከተማ ለሦስትና ለአራት ሌሊት የምታርፍበት፣ ቃሏን ሳትፈራ የምትሰጥበት፣ ቍስሏንም ለሐኪም የምታሳይበት አንድ የታመነ ቤት ያስፈልጋል እንላለን።

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሕልም የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በእንግሊዝ አገር የሆነውን ይስማ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ቺስዊክ በሚባለው ሰፈር ኤሪን ፒዚ የምትባል ሴት ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው የሚጨዋወቱባት አነስተኛ ቤት ከፍታ ነበር። ሰውነታቸው የበለዘ ሴቶች ወደዚያች ቤት መጥተው «ወደ ቤታችን አንመለስም» ባሉ ጊዜ ያች ቤት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለሚገኙት መጠለያዎች ምሳሌ ሆነች። አጀማመሩ ይኸው ነበረ፤ ጥቂት ክፍሎች፣ ጥቂት ፍራሾች፣ በሩን ለማንኳኳት የማያሳፍር ቤት።

እኛ ዘንድ ደግሞ እድር አለ። የእድር ሰዎች ሴቲቱ የሞተች ጊዜ ድንኳን ይተክላሉ፤ ወንበር ያመጣሉ፤ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ፤ ከሐዘንተኞቹም መካከል አንዳንድ ጊዜ ገዳይዋ ሳይገኝ አይቀርም። በሕይወት ሳለች ለአንድ ሌሊት ጣሪያ ቢሰጧት ድንኳኑ ባላስፈለገ ነበር። የእድር ደንብ ይህን አይፈቅድም የሚል ሰው፣ በኤች.አይ.ቪ. መከራ ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ እድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው ሕመምተኞችንና ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሕፃናት መርዳት እንደ ጀመሩ ያስታውስ። ደንብ የሚጻፈውም የሚሻሻለውም በአባሎቹ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የጅማ አገር ያላት ሀብት ቡና ነው፤ የሴቲቱም መታሰሪያ ይኸው ቡና ነው ብንል ያለ ልክ የተናገርን አይሆንም። እሸቱን በቅርጫት የምትለቅመው፣ ጀንፈሉን በአልጋ ላይ እያገላበጠች የምታደርቀው፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጣ የምትሸፍነው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ሽያጩ ግን በባሏ ስም ይመዘገባል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም አባል በብዛት እርሱ ነው። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወራት ከቤት የወጣች ሴት የዓመት ድካሟን ትታ መውጣቷ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት ሕግ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ማስረጃ በሁለቱም ስም እንዲጻፍ አዝዟል። እንግዲያስ መሬቱ በሁለት ስም ከተጻፈ የቡናው መዝገብ በአንድ ስም የሚቀርበት ምክንያት የለም። ማኅበራቱ ሚስትን በራሷ ስም አባል ቢያደርጓትና ድርሻዋን በእጇ ቢሰጧት፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ክንዷን ያድንላታል።

እነዚህ ማኅበራት ድሆች አይደሉም። የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 ማኅበራት ተጀምሮ ዛሬ ስሙ በውጭ አገር የታወቀ ነው። በአጋሮ አካባቢ ያለው፣ ስሙ በኦሮምኛ መበልጸግ ማለት የሆነው የዱሮሚና ማኅበር የታጠበ ቡና፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቡናዎች ጋር ተወዳድሮ አንደኛ ወጥቷል። ፌርትሬድ በተባለው የፍትሐዊ ንግድ ደንብ ቡናቸውን የሚሸጡ ማኅበራት ከዋጋው በላይ ለማኅበራዊ ሥራ የሚውል ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛሉ፤ በምን ላይ እንደሚውልም አባሎቹ በጠቅላላ ጉባኤ ይወስናሉ። በዚህ ገንዘብ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ድልድይ ተሠርቷል። የማረፊያ ቤትም ከድልድይ የተለየ ነገር አይደለም።

ስለ ወንዶቹም አንድ ነገር እንጨምር። በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች የተደረገ ሌላ ጥናት ነበረ፤ ውጤቱም በ2012 ዓ.ም. ታትሟል። የመንደሩ ሰዎች ቡና ተፈልቶላቸው በ14 ጊዜ ስብሰባ ስለ ትዳር፣ ስለ ቍጣና ስለ መከባበር እንዲወያዩ ተደርጎ ነበር፤ በአንዳንዱ መንደር ወንዶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ሴቶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አንድነት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመረመር ለውጥ ጐልቶ የታየው ወንዶቹ ለብቻቸው በተወያዩበት ቦታ ነው፤ በሚስቶቻቸው ላይ ግንኙነትን በግድ ማድረጋቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ሴቶቹን ብቻ መምከር ግን ይህን ያህል አልጠቀመም፤ መቼም የሚመታው ሳይመከር የምትመታዋን መምከር ምን ሊያደርግ ኖሯል። ቡና በማፍላት ከጅማ ሰው የሚበልጥ ስለሌለ፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ሌላ መምህር ከሩቅ መጥራት አያስፈልግም። የመስጊዱ ኢማምና የንስሐው አባትም ስለዚህ ነገር ከጀማው ፊት በግልጽ ቢናገሩ ቃላቸው ከእኛ ጽሕፈት ይልቅ ይሰማል።

በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አውቋል። ስለዚህ ሽምግልናው መዝገብና ማኅተም ያለው ሥራ ሆኗል ማለት ነው። ለእነዚህ ሽማግሌዎች የምናቀርበው ልመና አጭር ነው። አካል የጎደለበትን፣ ደም የፈሰሰበትን፣ የግዴታ ግንኙነት ያለበትን ነገር በእርቅ ሳይሸፍኑ ለፖሊስ ይላኩት። በቀረው ጉዳይ ሴቲቱን ከባሏና ከዘመዶቹ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ ይጠይቋት፤ ፈቃዷ ካልሆነም ሽምግልናውን አይቀመጡት፤ ሕገ መንግሥቱ የቤተ ሰብ ጉዳይ በባህል ወይም በሃይማኖት ፍርድ ቤት እንዲታይ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃልና። ከሽማግሌዎቹ መካከል ሴቶች ይቀመጡ። የተባለው ይጻፍ። ካሣው ለእርሷ እንጂ ለአባቷ ወይም ለወንድሟ አይከፈል። ከሁሉም በፊት ባልየው ሁለት ዋስ ይጥራ፤ ዋሶቹም በየሳምንቱ ከዚያ ቤት ደርሰው ሴቲቱን አይተው ይመለሱ፤ ዳግመኛ እጁን ያነሣ እንደ ሆነ እነርሱው ራሳቸው ለፖሊስ ይመስክሩ።

የዘንድሮው ለቀማ አልቆ ሒሳቡ ተዘግቶ የማኅበራቱ ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀመጥበት ቀን፣ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያና ከቡና ማድረቂያው አልጋ ቀጥሎ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ሁለት ክፍል ቤት፣ ስድስት ፍራሽ፣ አንዲት ጠባቂና አንድ ስልክ የሚያወጡት ዋጋ ከአጀንዳው ላይ ይጻፍልን። ድምፅ በሚሰጥበትም ጊዜ ጀንፈሉን ያደረቁት ሴቶች በዚያው አዳራሽ ተቀምጠው እጃቸውን ያንሡ።